አክስቴ ያነበበችልኝ ዓለም

የአባቴ ጥገና ቤት የመኖሪያችን የፊት ክፍል ነበር። ደንበኛ በመንገዱ በር ይገባል፣ እኛ ደግሞ ከውስጥ በኩል ባለው በር ብቅ እንላለን። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ብቻ ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ ሆዱ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ ይተኛል። ኮምፒውተሩም እንደ ሌላው ዕቃ በሽተኛ ሆኖ ነው የመጣው። ያመጣው ሰውዬ "የዛሬ ሳምንት እመጣለሁ" ብሎ ሄዶ፣ ሳምንቱም ወሩም ቢያልፍ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አባዬ ዕቃውን ጠግኖ ከጨረሰ ቆይቷል፤ የሰው ንብረት ነው ብሎ በጨርቅ ሸፍኖ ነበር ያስቀመጠው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጨርቁን ገልጦ ሲያበራው ደረስኩበት። "ኮምፒውተር ቆሞ ከዋለ ይታመማል፤ አልፎ አልፎ መሥራት አለበት" አለኝ፣ ጥፋት ላይ እንደተያዘ ሰው። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ካሉት ትንንሽ ሥዕሎች አንዱን፣ የድንጋይ በር የሚመስለውን ነካው።

መጀመሪያ ጨለመ። ቀጥሎ ከሩቅ ከበሮ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ጭጋግ መጣ፤ ጭጋጉ ሲገፈፍ ወንዝ፣ ከወንዙ ዳር ካባ ለብሶ የተኛ ሰው። ሣሩ ይወዛወዛል። እስከዚያ ቀን የማውቀው ጌም ኳስ ከግድግዳ ጋር የሚላተምበትን ነው፤ ነፋስ ያለበት ጌም አይቼ አላውቅም። ጣቴን ሰድጄ ውሃውን ነካሁት፤ ስክሪኑ ሞቅ ይል ነበር፣ የጋለ አቧራ ይሸታል። አባዬ አንድ ቁልፍ ሲጫን የተኛው ሰውዬ ተነስቶ ቆመ። በሩቁ በረዶ የለበሰ ተራራ ይታያል።

"ተራራው ጋ ይኬዳል?" አልኩ።

"ሥዕል ነው ባክሽ፤ ለጌጥ ነው" አለ አባዬ።

ሥዕል አልነበረም። ያንን እኔና አክስቴ ያወቅነው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጫፉ ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ ነው።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። እቴቴ ነው የምላት። ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እኛ ጋ መኖር ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ። ስትመጣ ትልልቆቹ "ትምህርት ጨርሳለች" ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔም እንደተባለው ነው የተረዳሁት፦ ትምህርት የሚባለውን ነገር በሙሉ ጨርሳዋለች፤ ለሌላው ሰው የተረፈ ቢኖር ፍርፋሪ ነው። እማዬ ከፋርማሲው ሥራዋ ስትመለስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አባዬን "ስለዚያ ወረቀት አነጋገርካት?" ስትለው፣ ወረቀቱ የሽልማት መሰለኝ። አባዬ "ተያት፣ ትንሽ ትረፍ" ሲል ደግሞ፣ ያን ሁሉ የጨረሰ ሰው ቢያርፍ ምን ይገርማል አልኩ።

ወረቀቱ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ነበር። በእንግሊዝኛ ወድቃ ነው የመጣችው።

ኮምፒውተሩ የአባዬን ጠረጴዛ ስላጣበበ ወደ እቴቴ ክፍል ገባ። "በቀን አንድ ሰዓት፣ እንዳይታመም ያህል" ተባልን። እኛም ለጤናው ስንል ሦስት ሰዓት እናሠራዋለን። ኪቦርዱንና ማውሱን አንድ ሰው ብቻውን ማዘዝ ስላቃተን ሥራ ተካፈልን፤ እሷ ታስኬዳለች፣ እኔ ዞር ዞር እያልኩ አያለሁ። እሷ እግር፣ እኔ ዓይን። "ወደ ግራ!" እላለሁ፤ "የማን ግራ ሚጣ?" ስትለኝ ገደል ገብተናል።

በመጀመሪያው ሳምንት ወንዙ ላይ የእንጨት ድልድይ አገኘን። ከድልድዩ አፍ ላይ ፂሙ ደረቱ የደረሰ ሽማግሌ ቆሟል። ስንጠጋው እጁን አነሳ፤ ከሥሩ ነጫጭ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተደረደሩ።

"ምን ይላል?" አልኳት።

እቴቴ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፣ ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። በሩን ዞር ብላ አየች፤ ማንም የለም። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ ድምጿን አጎረነነች።

"'ልጆቼ' ይላል፣ 'ልጄ በዚህ ድልድይ አልፋ ከተራራው ማዶ ከሄደች ሰባት ክረምት ሆናት። ተኳርፈን ነው የተለያየነው። ካገኛችኋት፣ በሩ አልተቆለፈም በሏት።'"

"ለምን ተኳረፉ?"

"እሱን አልነገረንም። የሽማግሌ ነገር፣ ግማሹን በሆዱ ይዞታል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን ታወቀ፤ ልጅቱን መፈለግ። መንደር በገባን ቁጥር እቴቴ ታነብልኛለች። በር ላይ የሚቆመው ወታደር የሚቆጣው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ጥርሱን አሞት ነው። አንጥረኛው ከወንድሙ ጋር በአንዲት በቅሎ ተጣልቷል፤ በቅሎዋ ሞታ ጠቡ ቀርቷል። ጉድጓድ ዳር ያለችው ሴት ልጅቱን አይታታለች፤ "ፀጉሯን ተቆርጣለች፣ ግን ፈገግታዋ ያው ነው" አለች። በረዶው ላይ ስንወጣ ሹራቤን ለብሼ እቀመጥ ነበር። ፈረስ ካገኘን በኋላ ደግሞ በዚያ ድልድይ ባለፍን ቁጥር ተንሸራትተን ወንዝ እንገባለን። "ወንዙ የእናቷ እንባ ነው፤ ልጇን ሳይዝ የሚያልፍን አያሳልፍም" ትላለች እቴቴ። እኔ አምናታለሁ። ማታ ስተኛም የማስበው ከተራራው ማዶ ስላለችው ልጅ ነበር።

አምስት ወር ያህል እንዲህ ኖርን። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባለቤቱ መጣ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ በሁለት ክራንች የሚሄድ ሰው ነበር። የመንገድ ቀያሽ ነው፤ ሥራ ላይ ከገደል ወድቆ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ያን ሁሉ ጊዜ ሆስፒታል መተኛቱን ለአባዬ ሲነግረው ሰማሁ። ማዘን ነበረብኝ። የገባኝ ግን "ኮምፒውተሬን ልወስድ ነበር" የምትለዋ ብቻ ናት። በሆዴ ባለክራንቹ ብዬ ስም አወጣሁለትና እዚያው ጠላቴ አደረግኩት።

ሮጬ እቴቴ ክፍል ገባሁና ስክሪኑን በጀርባዬ ጋርጄ ቆምኩ። አባዬና ባለክራንቹ ተከትለውኝ መጡ። እቴቴ ልብስ ታጥብ ነበር፤ ጫጫታ ሰምታ እጇ አረፋ እንደሆነ በሩ ላይ ደረሰች።

"አይወሰድም! ገና አልጨረስንም!" አልኩ።

"አንቺ ልጅ! የሰው ንብረት እኮ ነው!" አለ አባዬ።

ባለክራንቹ ግን ጎንበስ ብሎ "ምኑን ነው ያልጨረሳችሁት?" አለኝ።

"የድልድዩን ሽማግሌ ልጅ አላገኘናትም።"

"ልጅ አለችው እንዴ?"

"አዎና! እቴቴ እንግሊዝኛውን ሁሉ ታነበዋለች፤ ትምህርት እኮ ጨርሳለች" ብዬ፣ ሽማግሌው ያለውን ከላይ እስከ ታች በቃሌ ወረድኩት። ሰባቱን ክረምት፣ ኩርፊያውን፣ ያልተቆለፈውን በር።

ስጨርስ ባለክራንቹ ቀና ብሎ እቴቴን አያት። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች፤ አረፋው ከጣቷ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ምስጢራችንን ስላወጣሁ የተቆጣችኝ መሰለኝ።

"ልክ ነው" አለ ባለክራንቹ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል። "ልክ እንደዚያ ነው የሚለው። እኔም ልጅቱን ሳላገኛት ነው የተሰበርኩት።" ከዚያ ወደ አባዬ ዞረ። "ጋሼ፣ እባክዎን እዚሁ ይቆይልኝ። ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ በዚህ እግሬ ይዤው አልወጣም።"

ደስታዬን የት ላድርሰው! የእቴቴን አዋቂነት የጌሙ ባለቤት ራሱ መሰከረላት። ሰው አንዲት አጭር ውሸት ዋሽቶ እንዲህ ያለ ደግነት ሊሠራ እንደሚችል የገባኝ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት እቴቴ ኮምፒውተሩን አልከፈተችም። በማግስቱም። ማድ ቤት ውስጥ ከእማዬ ጋር ሲንሾካሾኩ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

"አውቋል። ዓይኑን ብታዪው ሁሉን ነገር አውቋል" ትላለች እቴቴ።

"ቢያውቅስ? ምን አለሽ?"

"ምንም አላለኝም። እሱ ነው የገደለኝ።"

"በይ እንግዲህ፣ ሰው ሲናገርሽም ሞት፣ ዝም ሲልሽም ሞት" አለች እማዬ።

ስለ ልጅቱ የሚያወሩ መሰለኝ። ባለክራንቹ ያለችበትን ያውቃል ማለት ነው! ይህን ይዤ ብቻዬን ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። እግርም ዓይንም ሆኜ፣ እየተደናቀፍኩ መንደሩ ደረስኩ። ወታደሩ እጁን አነሳ፣ ነጫጭ ፊደላት ወጡ። አንጥረኛው ቀና አለ፣ ነጫጭ ፊደላት ወጡ። ጉድጓድ ዳር ያለችው ሴትም እንዲሁ። ሰዎቹ ሁሉ ዲዳ ሆነውብኛል። ያ ሁሉ አገር ያለ እሷ ባዶ ነበር። አጠፋሁትና ወጣሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለክራንቹ ተመልሶ መጣ። አባዬ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ስለነበር ጥገና ቤቱ ውስጥ እኔ ነበርኩ። ከብብቱ ሥር ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። ጠርዙ የተበላ፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ መዝገበ ቃላት ነው።

"ይህን ለአክስትሽ ስጫት። ቃል ሲያስቸግራት ትየው። እኔም የተማርኩት በዚሁ ነው በያት" ብሎኝ ሄደ።

ደሜ ፈላ። ትምህርት ለጨረሰ ሰው መዝገበ ቃላት! በሰው ፊት ልክ ነሽ ብሎ፣ ዞር ብሎ ደግሞ አታውቂም ማለቱ ነው። እቴቴ ይህን ብታይ ምን ይሰማታል? ከመደርደሪያው ሥር ባለቤቱ የረሳው ትልቅ ቴሌቪዥን ነበር፤ የኋላ ሽፋኑ ላልቷል። መዝገበ ቃላቱን ሆዱ ውስጥ ከተትኩትና ሽፋኑን መልሼ ገፋሁት።

ባለክራንቹ በሌላውም ቅዳሜ መጣ። ከአባዬ ጋር ስለ እግሩ ሲያወራ ቆየ፤ መካከል መካከል ላይ ወደ ውስጠኛው በር ያያል። እቴቴ አልወጣችም። እሱም አልጠየቀም። ክራንቾቹን አንስቶ ሲወጣ ትከሻው ወረድ ማለቱን አይቻለሁ፤ ድል ነው ብዬ ነው የቆጠርኩት። ለካ እሱ መጽሐፌን ናቀች ብሎ፣ እሷ ደግሞ አውቆኝ ሳቀብኝ ብላ፣ ሁለቱም በየራሳቸው እየተቃጠሉ ኖሯል። መሃላቸው የቆምኩት ግድግዳ እኔ ነበርኩ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ግን የቴሌቪዥኑ ባለቤት ብድግ ብሎ መጣ። ሁለት ዓመት ረስቶት ኖሮ "ዛሬውኑ" አለ። ባለክራንቹ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ እማዬም ሥራ አልገባችም፣ በውስጠኛው በር ላይ ቆማለች። አባዬ ቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ ላይ አወጣና "ነይ እስቲ ባትሪ አብሪልኝ" ብሎ እቴቴን ጠራት። ስትወጣ ከባለክራንቹ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ሁለቱም ሌላ ቦታ አዩ። እኔ በር በሩን ማየት ጀመርኩ። አባዬ ሽፋኑን ሳብ ሲያደርገው መዝገበ ቃላቱ ዱብ አለ።

አባዬ አነሳው። አገላበጠው። "ሃያ ዓመት ቴሌቪዥን ስፈታ እንዲህ ያለ ዕቃ ከውስጡ ወጥቶ አያውቅም" አለ።

"እኔ ለእህትዎ የሰጠሁት ነው" አለ ባለክራንቹ ቀስ ብሎ። "ማለት... ለሚጣ ነው የሰጠኋት። እንድትሰጣት።"

አራቱም ዞረው አዩኝ። የቴሌቪዥኑ ባለቤት ሳይቀር አምስተኛ ሆኖ አየኝ። እማዬ እጇን አፏ ላይ ጭና "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ማለት ይኸው ነው!" አለች።

እቴቴ እጄን ይዛ ክፍሏ አስገባችኝና በሩን ዘጋችው። ትመታኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እሷ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጣኝ ራሷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"ለምን ደበቅሽው?"

"ሰድቦሽ ነዋ። አንቺ እኮ ትችያለሽ።"

"አልችልም ሚጣ።"

"ትችያለሽ! ሽማግሌውን አንብበሽልኛል።"

"ፈጥሬው ነው። ሽማግሌውንም፣ ልጅቱንም፣ በቅሎዋንም። አንዳንድ ቃል አውቃለሁ፤ ፈረስ አውቃለሁ፣ ውሃ አውቃለሁ። ሲገጣጠም ግን ይጠፋብኛል። ፈተናውንም የወደቅኩት በሱ ነው።" ትንፋሿን ሳብ አደረገች። "እኔ ትምህርት አልጨረስኩም። ትምህርት ነው እኔን የጨረሰኝ።"

"ታዲያ ልጅቱ የለችም?"

"የለችም የኔ እናት።"

ሰው እንደሞተበት አለቀስኩ። "ውሸታም!" ብያት ወጣሁና ባለክራንቹ ፊት ቆምኩ። "አንተስ? ልክ ነው ብለህ የለ?"

ራሱን አከከ። "እኔ ሰዎቹ ሲያወሩ ሁልጊዜ ዘልዬው ነበር የማልፈው" አለኝ። አባዬ መፍቻው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ።

ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው ቀን ግን አላስቻለኝም። "እሺ፣ እውነተኛውን እንየው" አልኳት።

ድልድዩ ጋ ሄድን። ሽማግሌው እጁን አነሳ። እኔ ፊደላቱን በደብተሬ እገለብጣለሁ፣ እቴቴ መዝገበ ቃላቱን ትገልጣለች። አንዱ ቃል አምስት ትርጉም አለው፤ አምስቱንም ጻፍን፣ ሦስቱን ሰረዝን። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወርዳ ወለሉ ላይ እስክትደርስ ሁለት መስመር ብቻ ነው የሠራነው። በመጨረሻ እቴቴ ደብተሩን አንስታ፣ ድምጿን ሳታጎረንን አነበበችው።

"'ሳንቃው እርጥብ ነው። ከፈረስ ወርዳችሁ ተሻገሩ።'"

ተያየን። ስንት ጊዜ ነው ወንዝ የገባነው? ሃያ? ሠላሳ? መጀመሪያ እሷ ነች የሳቀችው። እማዬ ምን ሆኑ ብላ እስክትመጣ ድረስ አልጋው ላይ ተንከባለልን። ከዚያ ከፈረሱ ወረድን፤ ሳንረጥብም ተሻገርን።

እውነቱን ለመናገር እነዚያ ሰዎች እቴቴ የሰጠቻቸውን ያህል አልነበሩም። አንጥረኛው ቢላ ልሳልልህ ወይ ነው የሚለው። ጉድጓድ ዳር ያለችው ሴት ባልዲ ጠፍቶባታል። እኔ በየአንዳንዱ እየከፋኝ፣ እቴቴ ግን በየአንዳንዱ "ገባኝ!" እያለች ከወንበሯ ብድግ ትላለች። ያንን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼባት አላውቅም። ባለክራንቹ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ በሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ የተሳሳተችውን እያረመ፣ ስትቀልድ ከእሷ ቀድሞ እየሳቀ። በመጀመሪያ አንዱን ክራንች ጣለ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ስሙ ግን በእኔ ዘንድ ባለክራንቹ እንደሆነ ቀረ። ጠላቴ መሆኑንም ረሳሁት።

ከዚያ ሩቅ ቦታ መንገድ ሊቀይስ ተመደበ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ታክሲ ደጃፋችን አቁሞ ኮምፒውተሩን ሊወስድ መጣ። እቴቴ ገመዶቹን ስትጠቀልል እሱ አጠገቧ ቆሞ ነበር። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ አዳምጣለሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ረጅም ነገር ነገራት። ከሁሉ የሰማሁት የመጨረሻዋን ነው፦

"እምቢ አትበዪኝ።"

ከዚያ እቴቴ ቀስ ብላ "እምቢ" አለች።

ጎሽ የኔ እቴቴ! ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። አይወሰድም ማለት ነው! ግን ትንሽ ቆይቶ ባለክራንቹ ኮምፒውተሩን በሁለት እጁ ታቅፎ ወጣ፤ አያነክስም። አባዬን ተሰናበተ፣ ግንባሬን ሳመኝ፣ ታክሲው ውስጥ ገባ። ታክሲው ከመንገዱ ጫፍ ሲታጠፍ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። እቴቴ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ተደግፋ ቆማለች፤ ኮምፒውተሩ የነበረበት ቦታ ላይ አቧራው አራት ማዕዘን ሠርቷል።

"እምቢ ብለሽው ወሰደው!" ብዬ ጮህኩባት።

መጀመሪያ አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ሳቅ ሲበዛ እንባ ያመጣል ሲሉ ስለሰማሁ አልገረመኝም።

በዚያው ዓመት ፈተናውን ደግማ ተፈተነች፤ ለጥቂት አለፈች። ዛሬ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፣ አግብታ ሁለት ልጆች አሏት። ባለፈው ዓመት መኪናዋ ተበላሽቶ ከሥራ ልወስዳት ሄድኩ። ዝናብ ስለነበር መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ድንገት ጠየቅኳት።

"ባለክራንቹ ያን ቀን ምን ነበር ያለሽ?"

"ምን ይለኛል? አግቢኝ ነው እንጂ።"

መሪውን ይዤ ዞር ብዬ አየኋት። "አልወደድሽውም ነበር?"

"ወድጄዋለሁ እንጂ! ግን ፈተናው ሁለት ወር ቀርቶታል። ያኔ ተከትዬው ብሄድ ዕድሜ ልኬን እሱ እያነበበልኝ ነበር የምኖረው።"

"አልቆጨሽም?"

ጉም የለበሰውን መስታወት በመዳፏ ጠረገች።

"'እምቢ ብለሽው ወሰደው' ብለሽ የጮህሽብኝ ትዝ ይልሻል?"

"ይለኛል። ስለ ኮምፒውተሩ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ግን እውነትሽን ነበር።"